በስድስት ቋጠሮ የምትጀመር አሻንጉሊት

በየቤቱ ዳንቴል በነገሠበት ዘመን ቴሌቪዥኑም፣ ሬዲዮኑም፣ የሶፋው መደገፊያም ያለ ዳንቴል ራቁቱን የቀረ ይመስል ነበር። ያንን ሁሉ የሠሩት ሴቶች ኪሮሻቸውን እንደያዙ ቡና ይጠጣሉ፣ ከእንግዳ ጋር ይጫወታሉ፣ ልጅ ይቆጣሉ፤ እጃቸው ግን አይቆምም። እንዲህ የሰለጠነ እጅ አሻንጉሊት ለመሥራት የሚቀረው ነገር ትንሽ ነው። ዋናው ጉዳይ ያለው ግን እዚያው ትንሹ ላይ ነው።

ዳንቴል ጠፍጣፋ ነው፤ ውበቱም ቀዳዳው ላይ ነው። አሻንጉሊት ግን ድቡልቡል ናት። ቀዳዳ ካላት ሆድ ዕቃዋ በውጭ ይታያል። ስለዚህ ዳንቴል የለመደች ሴት አዲስ ነገር ከመማሯ በፊት አንድ የቆየ ልማድ መተው አለባት፤ ላላ አድርጎ መሥራትን።

በኪሮሽ ተሠርታ በጥጥ የምትሞላው ትንሽ አሻንጉሊት ዛሬ በዓለም ዙሪያ የምትታወቀው አሚጉሩሚ በሚለው የጃፓን ስሟ ነው። ትልቅ ራስ፣ ትንሽ ገላ፣ አጫጭር እጅና እግር ያላት ይህች ፍጥረት እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በአሜሪካና በአውሮፓም ብዙ ወዳጅ አፍርታለች። መልኳን አይቶ ከባድ ሥራ የሚመስለው ብዙ ነው። ሥራው ግን ከአንድ ዓይነት አጭር ቋጠሮ በቀር ሌላ አይጠይቅም። ኪሮሹ በታችኛው ዙር ቋጠሮ ውስጥ ይገባል፤ ክር ስቦ ይወጣል፤ አሁን ኪሮሹ ላይ ሁለት ቀለበት አለ፤ ክሩን ደግሞ ይዞ በሁለቱም ውስጥ ያልፋል። አለቀ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ቆጠራ ነው።

ቆጠራው የሚጀምረው ከስድስት ነው። ክሩ ጣት ላይ ተጠምጥሞ ተስቦ የሚዘጋ ቀለበት ይበጃል፤ ስድስት ቋጠሮ በውስጡ ይሠራና ጫፉ ሲሳብ መሀሉ ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። በሁለተኛው ዙር በእያንዳንዱ ቋጠሮ ውስጥ ሁለት ሁለት እየሠሩ 12 ማድረስ ነው። በሦስተኛው 18፣ በአራተኛው 24። በየዙሩ ስድስት መጨመር ማለት ነው።

ስድስትን የመረጠው ልማድ ብቻ አይደለም፤ ጂኦሜትሪ ነው። ትምህርት ቤት እንደተማርነው የክብ ዙሪያ የሬዲየሱ 6.28 እጥፍ ገደማ ነው። አጭሩ ቋጠሮ ወርዱና ቁመቱ ስለሚቀራረብ፣ ክቡ በአንድ ቋጠሮ ቁመት በሰፋ ቁጥር ዙሪያው በስድስት ቋጠሮ ያህል ያድጋል። በየዙሩ ስድስት የጨመረ ሰው ጠፍጣፋ ክብ ያገኛል። መጨመሩን አቁሞ የቀጠለ ግድግዳ ያቆማል። ስድስት ስድስት የቀነሰ ያንን ግድግዳ ወደ ውስጥ ይዘጋዋል። ከስድስት አብዝቶ የጨመረ ደግሞ ጠርዙ እንደ ሰላጣ ቅጠል ይጨማደድበታል።

ይህን መጨማደድ ሆን ብለው የፈለጉት ሰው አሉ። ላትቪያዊቷ የሒሳብ ምሁር ዳይና ታይሚና እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሃይፐርቦሊክ የተባለውን የጂኦሜትሪ ገጽ በኪሮሽ ሠርተው አሳዩ። ከዚያ በፊት ሞዴሉ ከወረቀት እየተገጣጠመ ይሠራ ስለነበር ቶሎ ይቀደዳል፤ የክሩን ግን ተማሪ እጁ ላይ አገላብጦ ሊያየው፣ ሊያጥፈው ይችላል። ሥራቸው ማርጋሬትና ክሪስቲን ወርታይም የተባሉ እህትማማቾችን ስቦ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ሎስ አንጀለስ ላይ የባሕር ውስጥ ኮራልን በኪሮሽ የመሥራት ትልቅ ፕሮጀክት እንዲጀመር ምክንያት ሆኗል። ከአሻንጉሊቷ ቀሚስ እስከ ሒሳብ ክፍል ድረስ ሕጉ አንድ ነው፤ ቅርጽ የሚወጣው ከጭማሪና ከቅናሽ ነው።

የአሻንጉሊቷን ራስ ለመሥራት በየዙሩ 6፣ 12፣ 18፣ 24፣ 30፣ 36 ይደረስና ስድስት ዙር በ36 ሳይጨመር ሳይቀነስ ይሄዳል። ከዚያ ወደ 30፣ 24፣ 18 ይወረዳል፤ እዚህ ላይ ጥጡ ይሞላል፤ በ12 እና በ6 ይዘጋል። ሲደመር 432 ቋጠሮ ነው። መካከለኛ ውፍረት ባለው ክርና በ2.5 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ከተሠራ ስፋቷ ወደ 6 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። ገላዋም በዚሁ ዘዴ ይሠራል፤ እጅና እግር ደግሞ በየዙሩ ከ6 እስከ 12 ቋጠሮ ብቻ ያለው ረጅም ቱቦ ነው።

ዙሩ አይዘጋም፤ ሳይቋረጥ እየተጠመዘዘ ይወጣል። ስለዚህ የት እንደተጀመረ በቀላሉ ይጠፋል። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ በዙሩ የመጀመሪያ ቋጠሮ ላይ መርፌ ቁልፍ ወይም የሌላ ቀለም ክር ማስገባትና በየዙሩ ወደ ላይ ማንሳት። «በልቤ እቆጥራለሁ» የምትል ጀማሪ ስልኳ ሲጠራ ታየዋለች።

ጀማሪዎች ሁሉ የሚሰናከሉበት ሌላም ቦታ አለ፤ ውስጥና ውጩን ማምታታት። ሦስትና አራት ዙር ሲሠራ ክቡ ወደ አንድ ወገን መታጠፍ ይጀምራል፤ ብዙ ሰው ደግሞ ሳያውቀው ተገልብጦ እንዲታጠፍ ያደርገዋል። ቀረብ ብሎ ማየት ነው። በአንዱ ፊት ላይ ቋጠሮዎቹ ቁልቁል ሾጠጥ ያሉ ትንንሽ ምልክቶች ሆነው ተደርድረው ይታያሉ፤ ይህ ውጩ ነው። በሌላው ፊት ላይ ከእያንዳንዱ ምልክት በላይ የተጋደመች አጭር ሰረዝ አለች፤ ይህ ውስጡ ነው፤ መደበቅ አለበት። ከዚህ ሌላ ጭማሪው ሁልጊዜ ከታችኛው ዙር ጭማሪ አናት ላይ እየተደራረበ ከሄደ ክቡ ስድስት ማዕዘን ያወጣል። በየሁለት ዙሩ ጭማሪውን ጥቂት ቋጠሮ ፈቀቅ ማድረግ ይበቃል።

መቀነስም የራሱ ብልሃት አለው። የእያንዳንዱ ቋጠሮ አናት ሁለት ክር ነው፤ የፊትና የኋላ። እንደ ተራው አሠራር ሁለት ቋጠሮ አንድ ላይ ሲሳብ ጉብታና ቀዳዳ ይተዋል። ኪሮሹን በሁለቱ ተከታታይ ቋጠሮዎች የፊት ክር ብቻ አስገብቶ እንደ አንድ ቋጠሮ መጨረስ ግን ቅናሹን ከዓይን ይሰውረዋል። ይህን አንድ ዘዴ ያወቀች ሴት ሥራዋ ወዲያው ከጀማሪ ሥራ ይለያል ማለት ማጋነን አይሆንም።

ጥብቀትን በተመለከተ በክሩ መጠቅለያ ላይ የተጻፈውን የኪሮሽ ቁጥር አለማመን ነው። ያ ቁጥር የተጻፈው ለሹራብና ለብርድ ልብስ ነው። 4 ሚሊ ሜትር ከተባለ ለአሻንጉሊት 3 ወይም 2.5 ይሻላል። ጨርቁን ወጠር አድርጎ ወደ መስኮት መያዝ ነው፤ ብርሃን በነጠብጣብ ካለፈ ጥጡም ያልፋል። ልል ሆኖ የተገመደ ክር ኪሮሹ ይሰነጥቀዋል። ጥቁር ክር ደግሞ ቋጠሮው አይታይምና ለመጀመሪያ ሥራ አይመረጥም፤ የጥቁሩ ቦታ ፀጉሯ ላይ ነው።

መሙያውን በተመለከተ ብዙ ቤት ያለው የተባዘተ ጥጥ ነው። ይሠራል፤ ነገር ግን ሲታጠብ ጉብታ ጉብታ ይሆናል፣ ለመድረቅም ይዘገያል። ትራስ ውስጥ የሚገባው ፖሊስተር ቅርጹን የተሻለ ይይዛል። የትኛውም ቢሆን በጥቂት በጥቂቱ እየተፈታታ ይገባል እንጂ በእፍኝ አይጠቀጠቅም። አንገቷ ግን ለየት ይላል፤ ራሷ ከባድ ስለሆነ አንገቷ ጠበብ ተደርጎ ከተሠራና በደንብ ካልተሞላ ዕድሜ ልኳን አንገቷን ደፍታ ትኖራለች።

ከዚያ ፊቷ ይመጣል። እዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ1943 ኦስትሪያዊው የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ ኮንራድ ሎሬንዝ የጻፉት ይረዳል። ሰው ትልቅ ራስ፣ ሰፊ ግንባር፣ ወደ ታች ዝቅ ያለ ትልቅ ዓይን ያለው ፍጥረት ሲያይ አንጀቱ ይላወሳል፤ ሕፃን ይመስለዋልና። ስለዚህ ዓይኖቿን ከራሷ እኩሌታ ዝቅ፣ እርስ በርሳቸውም ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ከፍ ካሉና ከተቀራረቡ አሻንጉሊቷ የተቆጣች አክስት ትመስላለች። ከመስፋት በፊት በስፒል ወግቶ፣ ራቅ ብሎ ማየት ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

ሱቅ ላይ የምትሸጠው አሻንጉሊት አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ቆዳና ቢጫ ፀጉር ነበራት። በእጅ የሚሠራ ሰው ግን ይህን የመቀበል ግዴታ የለበትም። ጠይም እንድትሆን ቡናማ ክር መምረጥ፣ ለፀጉሯ ጥቁር ክር እየቆረጡ በኪሮሽ አናቷ ላይ አንድ በአንድ ማያያዝ፣ ከዚያም ሹሩባ መሥራት ይቻላል። ከአሮጌ ነጠላ ጠርዝ የተረፈ ጥለት ካለ ለቀሚሷ ይበቃል። ቨርጂኒያ ወይም ሮም ለተወለደች የልጅ ልጅ እንዲህ ያለች አሻንጉሊት የምትልክ አያት ሱቅ ሄዳ የማታገኘውን ነገር ነው የምትልከው።

የዓይን ነገር ከተነሳ ግን ቀልድ የለም። ከኋላ በማያያዣ የሚቆለፈው የፕላስቲክ ዓይን «ሴፍቲ» ተብሎ ይሸጣል፤ ለሕፃን ግን አስተማማኝ አይደለም። ማያያዣው ባይከፈት እንኳ ክሩ በተለጠጠ ጊዜ ዓይኑ እንዳለ ተመዞ ሊወጣ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚሠራ መጫወቻ 31.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው መፈተሻ ቱቦ ውስጥ የሚገባ ተነቃይ ነገር ሊኖረው አይፈቀድም፤ ቱቦው የተለካው በትንሽ ልጅ ጉሮሮ ነው። አዝራርም፣ ዶቃም፣ የፕላስቲክ ዓይንም ይገቡበታል። ለሕፃን የምትሠራ አሻንጉሊት ዓይኗም አፍንጫዋም በክር የተጠለፈ ይሁን።

ይህን ጥንቃቄ የተከተለ ሥራ ሆስፒታል ድረስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2013 ዴንማርክ ውስጥ በጎ ፈቃደኞች ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ትንንሽ ስምንት እግር ያላቸው የባሕር እንስሳት በኪሮሽ እየሠሩ ማደል ጀመሩ። ሐሳቡ ሕፃኑ የተንጠለጠለውን የክር እግር እንደ እትብት ጨብጦ እንዲረጋጋና የሕክምና ቱቦዎቹን እንዳይነቅል ነው። ስለ ጥቅሙ የሚነገረው በአብዛኛው ከነርሶችና ከወላጆች ትዝብት የመጣ ስለሆነ እንደ መድኃኒት መታየት የለበትም። ደንቡ ግን ለማንም ሠሪ ትምህርት ነው፤ ክሩ ንጹሕ ጥጥ፣ በ60 ዲግሪ ሙቀት የሚታጠብ፣ እግሩም ተወጥሮ ከ22 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ፤ ሕፃኑ ላይ እንዳይጠመጠም። ከሆስፒታሉ ጋር አስቀድሞ ሳይነጋገሩ ይዞ መሄድ ግን ዋጋ የለውም።

አሻንጉሊቷን መሸጥ ሲመጣ ሕጉም ይከተላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የሸማቾች ምርት ደኅንነት ማሻሻያ ሕግ በእጅ የተሠራ መጫወቻንም ይመለከታል፤ በአውሮፓ ኅብረትም በቤት የተሠራ ለገበያ የሚቀርብ መጫወቻ የሲ ኢ (CE) የደኅንነት ምልክት ይጠየቃል። በቤተ ክርስቲያን ባዛር ላይ ጠረጴዛ የምትይዝ ሴት ይህን ቀድማ ብታጣራ ይሻላል።

ኪሮሽ ከዚህ በፊትም ቤተሰብ አብልቷል። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ አየርላንድን በመታው የረሃብ ዘመን የገዳም ሴቶችና ሌሎች በጎ አድራጊዎች በኪሮሽ ዳንቴል መሥራት እያስተማሩ፣ በኮርክና በክሎንስ አካባቢ ብዙ ቤተሰብ በዚያ ገቢ ተደግፏል። እስከ ዛሬም ኪሮሽን የማሽን ሥራ አልነጠቀውም። የሹራብ አሠራርን እንግሊዛዊው ዊልያም ሊ እ.ኤ.አ. በ1589 በማሽን መተካት ችሏል፤ ብዙ ቀለበቶች በመርፌ ረድፍ ላይ ተሰልፈው ስለሚጠብቁ ለማሽን ይመቻል። ኪሮሽ ግን በአንድ ቀለበት ብቻ እየሄደ፣ ጨርቁን በየአቅጣጫው እየወጋ የሚሠራ ነው። ጀርመን ቢሌፌልድ ያሉ ተመራማሪዎች የሙከራ ማሽን ሠርተዋል፤ የኪሮሽ አሻንጉሊት በማሽን ሠርቶ ገበያ የሚያቀርብ ፋብሪካ ግን የለም። በየትኛውም ሱቅ የምትሸጥ የኪሮሽ አሻንጉሊት፣ ዋጋዋ ምንም ያህል ይርከስ፣ ከሰው እጅ የወጣች ናት።

ስለዚህ «ክሩ ስንት ነው?» ብሎ ዋጋ የሚደራደር ገዢ ከዕቃው ትንሹን ነው የጠየቀው። ለሽያጭ የምትሠራ ሴት ከክሩ ዋጋ ጎን ከመጀመሪያው ቀለበት እስከ መጨረሻው ስፌት ያጠፋችውን ሰዓት ጽፋ ትያዝ፤ ዋጋ ስትጠራም ሰዓቱን አትተወው።