ርእሰ መምህሩን ማን ይመርጣል? የትምህርት ቤቶቻችን መብትና የእኛ ድርሻ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

 

በወጣቶች ደርሳችን ላይ ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ፦ «ሙስሊሞች የከፈቱት ትምህርት ቤት ርእሰ መምህሩን ራሱ የመምረጥ መብት አለው ወይስ መንግሥት ነው የሚሾምለት?» ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ ግን የአንድ ትምህርት ቤት መንፈስ በአብዛኛው በርእሰ መምህሩ ይወሰናል። ጥሩ ሬክቶር ያለበት ቤት አስተማሪው ይቆያል፣ ልጁ ይማራል፣ ወላጅም ያምናል። ስለዚህ ዛሬ ይህንኑ እንማማር። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አጭሩ መልስ «አዎ፣ መብቱ አለው» ነው። ረጅሙ መልስ ግን «መብቱ በማን እጅ ነው?» ወደሚለው ይወስደናል። የዛሬው ትምህርት ዋና ጉዳይም እሱ ነው።

1. የስዊድን ሕግ ምን ይላል?

ከ1992ቱ ለውጥ ወዲህ በስዊድን ፍሪስኩላዎች በሕዝብ ገንዘብ ይተዳደራሉ። ስኩልፔንግ ተማሪውን ተከትሎ ይሄዳል፤ ትምህርት ቤቱም ከወላጅ ክፍያ መጠየቅ አይችልም። ፍሪስኩላ የሚከፍተው ኩባንያ፣ ማኅበር፣ ስቲፍተልሰ ወይም የተመዘገበ የሃይማኖት ማኅበረሰብ ሊሆን ይችላል። ፈቃዱን የሚሰጠው ስኩልኢንስፔክሹነን ነው፤ ፈቃዱን የያዘው አካል ደግሞ ሁቩድማን ይባላል።

ርእሰ መምህሩን የሚቀጥረው ይህ ሁቩድማን ነው። በኮሙን ትምህርት ቤት ሁቩድማኑ ኮሙኑ ስለሆነ ኮሙኑ ይቀጥራል። በፍሪስኩላ ግን ማንን እንደሚቀጥር ኮሙኑም ሆነ ኢንስፔክሹኑ አይነግረውም። ይህ መብት ለሙስሊም ብቻ ወይም ለክርስቲያን ብቻ የተሰጠ አይደለም። እዚሁ ስቶክሆልም በ1945 የተመሠረተው የኢስቶኒያውያን ትምህርት ቤትና በ1955 የተመሠረተው የአይሁዶች ሂለል ትምህርት ቤት የሚሠሩትም በዚሁ ሕግ ሥር ነው።

መብቱ ግን ገደብ አለው። ከ2011 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የትምህርት ሕግ፣ ማለትም ስኩልላገን፣ በምዕራፍ 2 የሚከተሉትን ይጠይቃል።

አንደኛ፣ ሬክቶር ሆኖ የሚቀጠረው በትምህርትም በልምድም ስለ ማስተማር ሥራ በቂ ግንዛቤ ያለው ሰው ብቻ ነው። የቦርድ አባል ወንድም መሆን ወይም በመስጂድ መከበር ይህንን አይተካም።

ሁለተኛ፣ አዲስ ሬክቶር ልዩውን የርእሰ መምህራን ሥልጠና በተቻለ ፍጥነት ጀምሮ ሥራ በያዘ በአራት ዓመት ውስጥ መጨረስ አለበት። ሥልጠናውን የሚሰጡት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው።

ሦስተኛ፣ ቦርዱ ከመረጠ በኋላ ሁሉንም ነገር ማዘዝ አይችልም። የትምህርት ሥራውን የሚመራውና የሚያስተባብረው ሬክቶሩ ነው፤ የትምህርት ቤቱን የውስጥ አደረጃጀት የሚወስነውም እሱ ነው። ልዩ ድጋፍ ስለሚያስፈልገው ልጅ ሕጉ ውሳኔውን ለሬክቶሩ ሰጥቶታል። ስልክ ደውሎ «የእገሌን ልጅ ጉዳይ እንዲህ አድርገው» የሚል የቦርድ ሰው ከሥልጣኑ አልፏል ማለት ነው።

በዚህ ላይ ሌላ የምናውቀው ነገር አለ። የሃይማኖት አቅጣጫ ባለው ፍሪስኩላም ቢሆን ክፍል ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት ከሃይማኖት ሰበካ ነጻ መሆን አለበት። ሶላትና የመሳሰለው በፈቃደኝነት ብቻ ይሆናል። ይህንን መስመር በየቀኑ የሚጠብቀው ሬክቶሩ ነው። ስለዚህ የምንመርጠው ሰው ዲኑንም የአገሩንም ሕግ የሚረዳ እንዲሆን ያስፈልጋል።

2. «ሙስሊም ካልሆነ አይቀጠርም» ማለት ይቻላል?

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንደነገሩ እናወራለን። የስዊድን ፀረ አድልዎ ሕግ በሃይማኖት ምክንያት ሥራ መከልከልን ያግዳል። አንድ ጠባብ በር ግን ትቷል፦ የሥራው ጠባይ በእውነት የሚጠይቀው ከሆነ፣ ዓላማው ትክክለኛ ከሆነና መስፈርቱ ከዓላማው ጋር የተመጣጠነ ከሆነ ይፈቀዳል። በሩ ተከፍቷል ብሎ ዝም ብሎ መግባት አይቻልም፤ ምክንያትን ማስረዳት ያስፈልጋል።

የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በሚያዝያ 2018 ከጀርመን በመጣ ጉዳይ ላይ ይህንኑ አጥብቋል። አንድ የወንጌላውያን ድርጅት ለሥራ ማስታወቂያው የቤተ ክርስቲያን አባልነትን መስፈርት አድርጎ ነበር። ፍርድ ቤቱ የሃይማኖት ተቋም የራሱን መንፈስ መጠበቅ እንደሚችል ተቀበለ፤ ሆኖም መስፈርቱ ለዚያ ሥራ በእርግጥ ማስፈለጉን የመጨረሻ ወሳኙ ተቋሙ ብቻ እንዳልሆነና ገለልተኛ ፍርድ ቤት ሊመረምረው እንደሚገባ ወሰነ። በዚህ ሚዛን ስናየው፣ የሃይማኖት ሕይወቱን የሚመራ ሰውና የሒሳብ መምህር እኩል አይመዘኑም። ሬክቶር በመካከል ያለ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ራሱ ሥራውን እንዴት እንደገለጸው ይወስነዋል።

3. ከሕንድ የምንማረው

ይህ ጥያቄ በሰፊው የተፈተነበት አገር ሕንድ ነው። የሕንድ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 30 በሃይማኖትም ሆነ በቋንቋ አናሳ የሆኑ ሁሉ የትምህርት ተቋም የማቋቋምና የማስተዳደር መብት ይሰጣቸዋል። በ1998 በኬራላ ግዛት ከአንድ የሙስሊሞች ትምህርት ቤት የተነሣ ክርክር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በአገልግሎት ዘመን አንጋፋ የሆነው መምህር «ሹመቱ በቅደም ተከተል ለእኔ ይገባል» አለ፤ አስተዳደሩ ደግሞ ሌላ ሰው መርጦ ነበር። ፍርድ ቤቱ ርእሰ መምህር መምረጥ የማስተዳደር መብት ዋና አካል ስለሆነ፣ አስተዳደሩ ብቃት ያለውን ሰው ከውጭም ቢሆን መምረጥ እንደሚችል ወሰነ።

በጥር 2020 ግን ያው ፍርድ ቤት የምዕራብ ቤንጋልን ሕግ አጸና። ያ ሕግ ከመንግሥት ድጎማ በሚያገኙ መድረሳዎች መምህራንን የሚመርጠው ኮሚሽን እንዲሆን ያደርጋል። ሁለቱን ውሳኔዎች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ መብቱ እውነተኛ ነው፣ ግን የሕዝብ ገንዘብና የትምህርት ጥራት ጥያቄ ሲነሣ ሊጠብ ይችላል። ስኩልፔንግ የምንቀበል እኛም ይህንን አንርሳ።

4. አወሊያ፦ ወላጆቻችን የጠየቁት

ወላጆቻችሁን ስለ አወሊያ ጠይቋቸው። በ2011 መጨረሻ አዲስ አበባ በሚገኘው የአወሊያ ትምህርት ቤት ያስተዳድረው የነበረው መጅሊስ የአረብኛ አስተማሪዎችን አሰናበተ። ከጥር 2012 ጀምሮ ተማሪዎች ተቃውሞ አሰሙ፤ ጉዳዩም ወደ «ድምፃችን ይሰማ» እንቅስቃሴ አደገ። የቀረቡት ጥያቄዎች ሦስት ነበሩ፦ የመጅሊስ ምርጫ በነጻነት በመስጂዶች ይካሄድ፣ አወሊያ ሕዝበ ሙስሊሙ በመረጠው አካል ይተዳደር፣ የአሕባሽ አስተምህሮ በግድ መጫኑ ይቁም። በሐምሌ 2012 የኮሚቴው አባላት ታሰሩ፤ በነሐሴ 2015 ረጃጅም እስራት ተፈረደባቸው።

ልብ በሉ፤ አወሊያን ያስተዳድር የነበረው በስሙ የሙስሊሞች ተቋም ነው። የሰዎቹ ቅሬታ «ሙስሊም ያልሆነ አካል ያስተዳድረናል» የሚል ብቻ አልነበረም፤ «ያልመረጥነው ሰው በስማችን ይወስናል» የሚልም ነበር። መብቱ ወደ አናሳው ማኅበረሰብ ሲመጣ ሥራው አያልቅም። ከዚያ በኋላ «በማኅበረሰቡ ውስጥ ማን ያዘው?» የሚለው ይቀጥላል።

5. እዚህ አገር ቁልፉ ያለው የት ነው?

በስዊድን ሳሚዎች ለዚህ መልስ አላቸው፤ የሳሚ ትምህርት ቤቶችን የሚያስተዳድረውን ቦርድ የሚሰይመው እነሱ የሚመርጡት ሳሜቲንግ ነው። እኛ እንዲህ ያለ ምርጫ የለንም። የእኛ ድምፅ ያለው በሁቩድማኑ ሕጋዊ ቅርጽ ውስጥ ነው።

ሁቩድማኑ ማኅበር ከሆነ አባላቱ በዓመታዊው ስብሰባ፣ በኦርስሞተ፣ ቦርዱን ይመርጣሉ፤ ቦርዱ ሬክቶሩን ይቀጥራል። አባልነታችሁን ከፍላችሁ እጃችሁን ካነሣችሁ ሬክቶሩን በመምረጥ ተሳትፋችኋል ማለት ነው። ስቲፍተልሰ ከሆነ ግን አባል የሚባል ነገር የለም፤ ቦርዱ የሚሰየመው በመመሥረቻ ጽሑፉ መሠረት ነው። ኩባንያ ከሆነ ድምፅ ያለው ባለ አክሲዮን ነው። ስለዚህ «የሙስሊም ትምህርት ቤት ነው» ስትባሉ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ሁቩድማኑ ማን ነው? ምን ዓይነት አካል ነው?» ይሁን።

ይህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከጥር 2019 ጀምሮ የባለቤትና የአመራር ምርመራ አለ፤ የቦርድ አባላትና ከፍተኛ ተጽዕኖ ያላቸው ሰዎች ሕጉን ማወቃቸው፣ የገንዘብ አቅማቸውና ተገቢነታቸው ይመረመራል። ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮም የዴሞክራሲ መስፈርቶች ተጨምረዋል። በቅርብ ዓመታት የሙስሊም መሠረት ያላቸው በርካታ ትምህርት ቤቶች ፈቃዳቸው ተሰርዟል። አንዳንዱን ውሳኔ ማኅበረሰባችን ኢፍትሐዊ ሆኖ አይቶታል፤ የማይስማማ ሁቩድማን ወደ አስተዳደር ፍርድ ቤት ይግባኝ የማለት መብት አለው። ነገር ግን ትምህርት ቤት ሲዘጋ በነሐሴ ሌላ ክፍል፣ ሌላ ጓደኛ የሚፈልገው ልጁ ነው። ሬክቶር የመምረጥ መብትም ከፈቃዱ ጋር አብሮ ይሄዳል። ቦርዱ ከወደቀ የሚመርጥ የለም።

6. ጠንካራና ታማኝ

በሱረቱል ቀሰስ የመድየኑ ሽማግሌ ልጅ አባቷ ሙሳን ዐለይሂ ሰላም እንዲቀጥረው ስትመክር ሁለት ነገር አይታ ነበር፦ ጥንካሬና ታማኝነት። ዑለሞች ስለ ሹመት ሲያስተምሩ ይህንን መመዘኛ ያደርጉታል። ለትምህርት ቤት ስንተረጉመው ጥንካሬ ማለት ሥራውን መቻል ነው፤ ስኩልላገን የሚጠይቀው የትምህርትና የልምድ ብቃት ከዚህ የራቀ አይደለም። ታማኝነት ማለት ደግሞ አማናን መጠበቅ ነው፤ ገንዘቡን፣ ልጆቹን፣ የተሰጠውን ቃል። ታማኝ ሆኖ ሥራውን የማይችል ልጆችን ይጎዳል። ችሎ የማይታመን ደግሞ ትምህርት ቤቱን ያዘጋል። ሁለቱን ሳንመለከት በዘመድ ወይም በአገር ልጅነት ከመረጥን መብታችንን ራሳችን አባከንነው ማለት ነው።

ከእናንተ የምጠብቀው ሦስት ነገር ነው። ስዊድንኛውንም ሕጉንም ከእኛ ይልቅ የምታውቁት እናንተ ናችሁና ወደ ኦርስሞተ ኑ። በመምህርነት ተማሩ፤ መምህር ከሌለን ሬክቶር ከየት ይመጣል? በቦርድ ስትመረጡ ደግሞ የመተዳደሪያ ደንቡን አንብባችሁ ግቡ።

ለውይይት

ሀ. በአካባቢያችሁ ያለ አንድ ፍሪስኩላ ሁቩድማኑ ማኅበር ነው፣ ስቲፍተልሰ ወይስ ኩባንያ? ቦርዱን የሚመርጠው ማን ነው?

ለ. ብቃት ያለው ሙስሊም ያልሆነ አመልካችና ልምድ የሌለው ሙስሊም አመልካች ቢቀርቡ ቦርዱ ምን ማድረግ አለበት? ከሕጉም ከአማናም አንጻር ተወያዩ።

ሐ. የአወሊያን ጥያቄ ወላጆቻችሁ እንዴት ያስታውሱታል? በእኛ ማኅበር ውስጥ ያው ጥያቄ ቢነሣ መልሳችን ምን ይሆናል?

አላህ ሥራውን የሚችሉትን ታማኞች ይስጠን፤ እኛንም ለአማናው ብቁ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።