ትምህርት 14፦ የክበብን ሥራ በጋዜጣና በሬዲዮ ማሳወቅ

ሀ. ምንባብ

ተማሪዎች፣ የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አበው። ይህ አነጋገር ለአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ለአገርም ይሠራል። የወሎ ሕዝብ እውነትነቱን ብዙ ሕይወት ገብሮ ተምሮታል።

በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረሃብ በገባ ጊዜ ባለሥልጣኖች ወሬው እንዲሸፈን ፈለጉ። በዚያው ዓመት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ስፍራው ተጉዘው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች በአዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ለእይታ አቀረቡ። በጥቅምት ወር 1966 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው «ያልታወቀው ረሃብ» የተባለ ፊልም በእንግሊዝ አገር በቴሌቪዥን ታየ። ከዚያም በኋላ እርዳታ ከየአገሩ ይጎርፍ ጀመር፤ ይሁን እንጂ ለብዙ ሺህ ሰዎች ጊዜው አልፎ ነበር።

ከ11 ዓመት በኋላም ተመሳሳይ ጥፋት ተደገመ። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በታላቅ ድምቀት ሲከበር በሰሜን ወገን በረሃብ ያልቅ ነበር። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ማይክል ቡርክ የዘገበውና ኬንያዊው መሐመድ አሚን የቀረጸው ፊልም በቢ.ቢ.ሲ. ታየ። ፊልሙ የተነሣው ከቆቦ በስተሰሜን፣ በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ በነበረችው በኮረም ነበር። ያን ጊዜ ዓለም ተንቀሳቀሰ፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ ለተራቡት መርጃ የተዘጋጀ ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ተካሄደ።

በአንጻሩ፣ በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የበረሃ አንበጣ የራያን ቆላ በወረረ ጊዜ ወሬው ሳይሸሸግ በመገናኛ ብዙኃን ተነገረ። የገበሬውን ማሽላና ጤፍ ፈጥነው ለመሰብሰብም በጎ ፈቃደኞች ወደ ማሳ ወጡ።

ከዚህ የምንማረው አንድ ቁም ነገር አለ። ወሬ በጊዜውና በትክክሉ ለሚመለከተው ሰው ሲደርስ ሕይወት ያድናል፤ ሲዘገይ ግን የሟቾች ቁጥር መግለጫ ብቻ ይሆናል።

ለ. ማብራሪያ

«ይህ ታሪክ ከእኛ ክበብ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ትሉ ይሆናል። አንድ የበጎ ፈቃደኞች ክበብ ሥራውን ለሕዝብ የሚያሳውቀው ለመወደስ አይደለም። ሥራው ሲታወቅ አዲስ አባል ይመጣል፤ መሣሪያ የሚያውስ ይገኛል፤ የጎረቤት ቀበሌ ወጣቶችም አርአያውን ይከተላሉ። የጋዜጣ አዘጋጅ ግን በየቀኑ ብዙ ጽሑፍ ይደርሰዋል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀውም «ይህ ለአንባቢዬ ምን ይጠቅመዋል?» ብሎ ነው።

ለምሳሌ በቆቦ ከተማ አንድ የተማሪዎች ክበብ ክረምቱ እንደወጣ የወባ ትንኝ የምትራባባቸውን ውሃ ያቆሩ ጉድጓዶች መድፈን ጀመረ እንበል። የክበቡ ጸሐፊ በመጀመሪያ እንዲህ ሲል ጻፈ፦

«ዝነኛው ክበባችን እጅግ ከፍተኛና አኩሪ ተግባር ፈጽሟል። እኛ አባላቱ ሌት ተቀን ደክመናል። ሕዝቡም በጣም ተደስቷል። ሁሉም ሊያመሰግነን ይገባል።»

ይህን ያነበበ ሰው ምን ያውቃል? ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምንና እንዴት ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ አያገኝም። ጸሐፊው ስህተቱን ተረድቶ ጽሑፉን እንደሚከተለው አስተካከለ፦

«በቆቦ ከተማ 26 ተማሪዎች ቅዳሜ መስከረም 18 ቀን በመኖሪያ ቤቶች አጠገብ ውሃ ካቆሩ 23 ጉድጓዶች ውስጥ 14ቱን በአፈርና በድንጋይ ደፈኑ። ሥራው ክረምት ሲወጣ የሚበዛውን የወባ በሽታ ለመከላከል እንደሚረዳ የክበቡ ሰብሳቢ ገልጻለች። ክበቡ የቀሩትን 9 ጉድጓዶች መስከረም 25 ቀን ይደፍናል፤ አካፋና ዶማ ማዋስ የሚችሉ ነዋሪዎችም ከጧቱ በ1 ሰዓት በትምህርት ቤቱ በር እንዲገኙ ይጠይቃል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚለው ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ የጤና ባለሙያው አሳስበዋል።»

ሁለተኛው ጽሑፍ ያልተሠራውን አለመደበቁን ልብ በሉ። የመጀመሪያው ጽሑፍ ምንም የቀረ ሥራ እንደሌለ ያስመስላል፤ ስለዚህ ማንም ዶማ ይዞ አይመጣም። ሁለተኛው ግን 9 ጉድጓዶች መቅረታቸውን ይናገራል። ሰውን ለእርዳታ የሚጠራውም ይኸው ነው።

ሐ. የሰዋስው ማስታወሻ

1. መደብ፦ ዜና የሚጻፈው በሦስተኛ መደብ ነው። «ደፈንን»፣ «ደክመናል» ማለት ለደብዳቤ ይስማማል፤ ለዜና ግን «ደፈኑ»፣ «ደክመዋል» ይባላል።

2. ቅጽል፦ «ዝነኛ»፣ «አኩሪ»፣ «ከፍተኛ» የሚሉት የውዳሴ ቅጽሎች የጸሐፊውን ስሜት እንጂ የሥራውን መጠን አያስረዱም። በእነርሱ ፈንታ ቁጥር፣ ቦታና ቀን አስገቡ።

3. አድራጊና ተደራጊ ግስ፦ «ጉድጓዶቹ ተደፈኑ» ቢባል ማን እንደደፈናቸው አይታወቅም። አድራጊው ሲታወቅ «ተማሪዎቹ ጉድጓዶቹን ደፈኑ» ብላችሁ ጻፉ።

4. የቃል ምንጭ፦ ሌላ ሰው የተናገረውን ስታቀርቡ ተናጋሪውን አመልክቱ። ግሱም ከተናጋሪው ጋር ይስማማ፤ ስለ ተማሪዋ «ገልጻለች»፣ ስለ ጤና ባለሙያው ደግሞ በአክብሮት «አሳስበዋል» መባሉን አስተውሉ።

5. የጊዜ አገላለጽ፦ «ባለፈው ቅዳሜ» አትበሉ። ጽሑፉ በስንት ቀን እንደሚወጣ ስለማይታወቅ ቀኑን በቁጥር ጻፉ።

መ. አላላክ

ጽሑፋችሁን በመጀመሪያ በትምህርት ቤታችሁ ሚኒ ሚዲያ አሰሙ፤ የተሳሳተ ነገር ቢኖር ቶሎ የሚያርማችሁ የቅርብ ሰው ነውና። ቀጥሎ ለወረዳው የኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት፣ በባሕር ዳር ለሚታተመው ለበኩር ጋዜጣ፣ ወይም ለክልሉ ሬዲዮ መላክ ይቻላል። ጽሑፉ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የክበቡ ኃላፊ መምህር አንብበው ይፈርሙበት፤ አዘጋጁ ሊያጣራ ሲፈልግ የሚጠይቀውም ሰው ይመልከት። የታመመን ወይም የተቸገረን ሰው ስም ያለ ፈቃዱ ከቶ አትጻፉ፤ የተረዳ ሰው ክብሩ ሊጠበቅለት ይገባል።

ሠ. መልመጃ

1. የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. ፊልሞች ምን ለውጥ አስከተሉ? ከ2013 ዓ.ም. ሁኔታ ጋር አነጻጽራችሁ በአንድ አንቀጽ ግለጹ።

2. የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች በሦስተኛ መደብና በአድራጊ ግስ ለውጣችሁ ጻፉ። የጎደለውን ፍሬ ነገርም ከራሳችሁ ሙሉ።
   ሀ. ብዙ ችግኞች ተተከሉ።
   ለ. የአረጋውያኑን ቤት በሚያስደንቅ ሁኔታ አደስን።

3. «አቆረ»፣ «አርአያ»፣ «አሳሰበ» በሚሉት ቃላት ዓረፍተ ነገር ሥሩ።

4. ክበባችሁ በዚህ ወር የሠራውን አንድ ሥራ ከ80 ባልበለጡ ቃላት በዜና መልክ ጻፉ። የተሠራውን ብቻ ሳይሆን ያልተሠራውንም ግለጹ። ከዚያም ጽሑፋችሁን ከጓደኛችሁ ጋር ተለዋውጣችሁ ለስድስቱ ጥያቄዎች መልስ መስጠቱን አረጋግጡ።