ኖኅ ከምን ዐወቀ? ሕፃናት እያነበቡ ማመዛዘን የሚማሩበት ትምህርት

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ የምናገኘው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ የንግሥት ህንደኬ የገንዘብ ሹም ነው። ኢየሩሳሌም ሰግዶ ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ ትንቢተ ኢሳይያስን ድምፁን አውጥቶ ያነብ ነበር። ፊልጶስ ቀርቦ የጠየቀው ስለ አነባበቡ አልነበረም፤ የሚያነበው ይገባው እንደሆነ ነው። ጃንደረባው የሚመራው ሰው እንደሚያስፈልገው ገለጸና አጠገቡ አስቀመጠው። ቀጥሎ ያነሣውን ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው እናልፈዋለን። ነቢዩ የራሱን ነገር ይሁን የሌላ ሰው የሚናገረው፣ እሱን ለይቶ ማወቅ ፈለገ። ልብ በሉ፤ «ትርጉሙን ንገረኝ» ብሎ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ንባቡ ሁለት መንገድ ሊሄድ እንደሚችል ራሱ አይቶ፣ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ጠየቀ።

የዛሬው ትምህርታችን ይህን ልማድ በሕፃናት ክፍል እንዴት እንደምንተክል ነው። ባለሙያዎቹ አመክንዮ ይሉታል፤ ለእኛ ግን ልጁ ያመነበትን ነገር ከምክንያቱ ጋር እንዲይዝ ማድረግ ነው።

በየሰንበት ትምህርት ቤቱ የተለመደው አካሄድ ይታወቃል። ታሪኩ ይነበባል፣ ወዲያው «ከዚህ ምን እንማራለን?» ይባላል፣ ልጆቹም ከአፋችን ነጥቀው «መታዘዝን!» ይላሉ። መልሱ ስሕተት የለበትም። ችግሩ፣ ታሪኩን ጨርሶ ያልሰማ ልጅም ሊመልሰው መቻሉ ነው። ስለዚህ ያንን ጥያቄ ወደ መጨረሻ ግፉትና «ከምን ዐወቀ?» የሚለውን አስቀድሙ።

ለአምስትና ለስድስት ዓመት ልጆች ከዘፍጥረት ምዕራፍ 8 የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም። ኖኅ ርግቧን ሦስት ጊዜ ይልካታል። መጀመሪያ ማረፊያ አጥታ ትመለሳለች። ሰባት ቀን ቆይቶ ሲልካት ወደ ማታ የለመለመ የወይራ ቅጠል በአፏ ይዛ ትመጣለች። ሌላ ሰባት ቀን ቆይቶ ሲልካት በዚያው ትቀራለች። እዚህ ላይ ስትደርሱ ማንበባችሁን ግቱ፤ መጽሐፉን ግን አትዝጉት።

«ርግቧ ባዶዋን ስትመለስ ኖኅ ምን ዐወቀ?» በሉ። ውኃው ገና እንዳለ ይነግሯችኋል። «ከምን ዐወቀ?» ስትሉ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ጸጥታውን ለመሙላት አትቸኩሉ፤ ልጆቹ እያሰቡ ነው። «እግዚአብሔር ነግሮት» የሚል ልጅ አይጠፋም። አትገሥጹት፣ «ጎበዝ» ብላችሁም አትለፉት። «እስቲ የቱ ጋ ነው የነገረው?» በሉትና አብራችሁ ፈልጉ። በምዕራፉ እግዚአብሔር ኖኅን የሚያናግረው ወደ ኋላ፣ ከመርከቡ እንዲወጣ ሲያዝዘው ነው። መርከቡን እንዴት እንደሚሠራ በክንድ ለክቶ የነገረው አምላክ፣ የውኃውን መጉደል ግን ኖኅ ከአንዲት ወፍ እንዲረዳው ተወለት። ይህን ለልጆች መንገር እምነታቸውን አያናጋም፤ እንዲያውም አእምሮ ለምን እንደተሰጣቸው ያሳያቸዋል።

ወደ ቅጠሉ እንሂድ። «ያመጣችው የደረቀ ቅጠል ቢሆን ኖሮስ?» ብላችሁ ጠይቁ። የደረቀ ቅጠል ውኃ ላይ ተንሳፍፎ ሊገኝ ይችላል፤ የለመለመ ቅጠል ግን ዛፉ ከውኃው ብቅ ማለቱን ይመሰክራል። ከአንዲት ቃል ይህን ያህል ነገር እንደሚወጣ ያየ ልጅ፣ በሚቀጥለው ጊዜ እናንተ ዘልላችሁ ብታነቡ ያስቆማችኋል።

ሦስተኛው ጉዞ ከሁሉ ይከብዳል፤ ማስረጃው የርግቧ አለመምጣት ነውና። አንዱ «ሞታ ይሆናል» ይላል። ሌላው «ቁራው በልቷት ነው» ይላል፤ ቁራው ከእርሷ በፊት መላኩን አስታውሶ ነውና አትሣቁበት። የአንድምታ መምህራን አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ ሲያበዙት ለየፍቺው ምክንያት ያቀርቡለታል፤ የሕፃኑም ግምት ምክንያት ካለው ቦታ ይሰጠው። «ከሞተች ይልቅ ማረፊያ አግኝታለች የሚያሰኘን ምን አለ?» በሏቸው። ከሳምንት በፊት ያመጣችው ቅጠል አለ። ደግሞም ኖኅ ራሱ ግምቱን ብቻ ይዞ አልተነሣም፤ የመርከቡን ክዳን አንሥቶ ተመለከተ፣ ምድሩ መድረቁንም አየ። እንዲህም ሆኖ ውጣ እስኪባል ቆየ። «መታዘዝን እንማራለን» የሚለው መልስ አሁን ቢመጣ ክብደት አለው፤ ምድሩ መድረቁን በዓይኑ እያየ የጠበቀ ሰው መታዘዝ ነዋ።

ማንበብ ላልጀመሩት እናንተ አንብቡላቸው፤ ሲመልሱ ግን ጣታቸው ገጹ ላይ ይረፍ። ለሚያነቡት ሰሌዳውን ለሁለት ክፈሉትና በአንዱ ወገን «ተጽፏል»፣ በሌላው «አሰብኩት» ብላችሁ ጻፉ። እያንዳንዱ መልስ ወዴት እንደሚገባ ራሳቸው ይፍረዱ። የሚከራከሩበት ጊዜ ይኖራል፤ ተዉአቸው። በውጭ አገር ያደገ ልጅ በእንግሊዝኛ ቢመልስም ምክንያቱን ከንባቡ ካመጣ በቂ ነው፤ አማርኛውን ለሌላ ሰዓት አቆዩለት።

ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 3 ያለው የሰሎሞን ፍርድ ይስማማቸዋል፤ የሕፃን ሞት ስላለበት ለትንንሾቹ አይሁን። ሁላችንም ወደ ሰይፉ እንሮጣለን። ከሰይፉ በፊት ግን አንድ ነገር አለ። በአንድ ሕፃን ከሚካሰሱት ሁለት ሴቶች ከሳሽዋ ተኝታ ሳለች ባልንጀራዋ ልጇን እንደ ለወጠችባት ትናገራለች። ተኝታ ከነበረች እንዴት ዐወቀች? ንባቡ መልሱን ይዞታል፦ ጠዋት ሕፃኑን አተኩራ ስታይ የወለደችው አልነበረም። ስለዚህ ጠዋት ያየችውንና ሌሊት ሆኗል ብላ የደመደመችውን በአንድነት ተናግራለች ማለት ነው። ቤቱ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ምስክር አልነበረም፤ ንጉሡም ሰይፍ ያስመጣው ለዚህ ነው። እውነተኛዋ እናት ልጇ ከሚሞት ለሌላ ቢሰጥ ትመርጣለች ብሎ አሰበ፣ እንደዚያም ሆነ። ልጆቹ የሰሎሞንን አሳብ በራሳቸው ቃል «እናት ከሆነች... ታዲያ...» እያሉ እንዲቀጥሉት አድርጉ፤ «ከሆነ» እና «ታዲያ»ን ያለ ችግር ማገናኘት የቻለ ልጅ ሒሳቡም ላይ ይቀልለዋል።

በአንድ እሑድ ከአንድ ንባብ በላይ አትያዙ። ሰዓቱ በርግቧ ቅጠል ብቻ ቢያልቅ ትምህርቱ አልባከነም።

ለሳምንት ደግሞ መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 6ን፣ የጌዴዎንን ፀምር (የበግ ጠጉር) አዘጋጁ። ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችን ምሳሌ አድርጋ የምታስተምረው ነውና ልጆቹ ምሳሌውን ከመስማታቸው በፊት ነገሩን በደንብ ይዩት። በመጀመሪያው ሌሊት ጌዴዎን ጠጉሩ በጤዛ እንዲርስ፣ ምድሩ ግን እንዲደርቅ ለመነ፤ ሆነለትም። በማግሥቱ ግን ተገላቢጦሹን ለመነ፦ ጠጉሩ ይድረቅ፣ ምድሩ ይርጠብ። ትንሽ የበግ ጠጉር ወይም ጥጥና አንድ ብርጭቆ ውኃ ይዛችሁ ግቡ። ልጆቹ ጠጉሩንና ንጣፉን አርጥበው ጠጉሩ ከንጣፉ ቀድሞ ይደርቅ እንደሆነ ይዩ፤ ከዚያ የመጀመሪያው ምልክት ለጌዴዎን ለምን እንዳልበቃው ጠይቋቸው።