ስለ አቶም ኃይልና ስለ መብራታችን

አንድ ክረምት ኦሎምፒያ ባለው ቤታችን መብራት ቢጠፋ፣ ታናሽ እኅቴ «ከውሃ የሚመጣ ከሆነ፣ ዝናቡ እየወረደ ስለ ምን ጠፋ?» ስትል ጠየቀችኝ። ጉድለቱ ከመስመሩ እንጂ ከውሃው አልነበረም።

ነገሩን ያሰብኩት አገራችን በመስከረም 2018 ዓ.ም. የአቶም ኃይል ማመንጫ ለመሥራት ከሩሲያ ጋር የተግባር ዕቅድ ስለ ተፈራረመች ነው። በአፍሪካ የሚሠራ ማመንጫ ያላት ደቡብ አፍሪካ ብቻ ስትሆን፣ እርሱም በ1976 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኩበርግ ነው፤ ግብፅ ገና በመሥራት ላይ ናት።

የአቶሙ ሙቀት ውሃ አፍልቶ በእንፋሎቱ መዘውር ያዞራል። ማመንጫው ሥራ ቢያቆምም ሙቀቱ ወዲያው አይበርድም፤ ማቀዝቀዣው ፓምፕ ኤሌክትሪክ ይሻል። በ2003 ዓ.ም. በጃፓን አገር በፉኩሺማ የመሬት መንቀጥቀጡ መስመሩን፣ የባሕሩ ማዕበል ደግሞ መጠባበቂያ ሞተሮቹን ስላጠፋ ታላቅ አደጋ ደረሰ። እኔስ አስቀድሞ መስመራችን ቢጠነክር እወዳለሁ።

ይህን ብነግራት እኅቴ «ለካ እርሱም መብራት ይፈልጋል!» ብላ ሳቀች።