ማርሹ ሜዳ ላይ ይመረጣል

ከጎንደር ተነስቶ ዳባትን አልፎ ደባርቅ የደረሰ የጭነት መኪና ሾፌር ከባዱን ሥራ የሚሠራው ሊማሊሞ ላይ ይመስለናል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን እየቦረቦረ ያወጣው ያ ጥምዝምዝ መንገድ ሲታይ እንዲህ ማሰብ አይፈረድብንም። ዋናው ውሳኔ ግን ከዚያ በፊት፣ መንገዱ ገና ሜዳ ሳለ ይጠናቀቃል፦ በስንተኛ ማርሽ ልውረድ?

ወዳጄ፣ የዛሬው ጨዋታችን ስለዚች ጥያቄ ነው። መኪና ባትነዳም አብረኸኝ ውረድ።

ከደባርቅ በሊማሊሞ ቁልቁለት ወደ ዛሪማ ሲኬድ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይቀንሳል። 30 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት አራት በርሜል ውሃ ያፈላል። ይህ ሁሉ ሙቀት የሆነ ቦታ መውጣት አለበት። ሾፌሩ ፍሬን ረግጦ ብቻ ከወረደ ሙቀቱን የሚሸከሙት የፍሬኑ ሸራና ታምቡሩ ናቸው። መጀመሪያ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል፤ ቀጥሎ ጎማው ሥር ጭስ ይታያል። ታምቡሩ በሙቀት እየሰፋ ከሸራው ይሸሻል፣ የጋለው ሸራም መያዝ ያቅተዋል። ያኔ ፔዳሉ ቢረገጥ መኪናው አይሰማም፤ ረዳቱም ታኮ ይዞ ቢዘል አይደርስም።

ሞተሩ ግን ከፍሬኑ የተሻለ ትከሻ አለው። እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ ነዳጅ መርጨቱን ያቆማል፤ አሁን ጎማው ነው ሞተሩን የሚያዞረው። ፒስተኑ አየር ይጨምቃል፤ ሞተር ፍሬኑ ከበራ ደግሞ የተጨመቀው አየር ፒስተኑን መልሶ ሳይገፋ በጭስ ማውጫው ይለቀቃል። የመኪናው ፍጥነት አየር ሲጨምቅ ይደክማል፣ ፍሬኑም ሳይነካ ለክፉ ቀን ይቀመጣል።

ይህ መላ የተገኘው በድንጋጤ ነው። በፈረንጆቹ 1931፣ በሞተሩ ስሙን የምናውቀው ክሌሲ ከሚንስ በናፍጣ የሚሠራ የጭነት መኪና ይዞ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ሲያቋርጥ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ካሆን በሚባለው ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አለው። ከታች ባቡር እያለፈ ነበር፤ ለጥቂት ተረፈ። ሰውየው «እግዜር አተረፈኝ» ብሎ ነገሩን አልተወውም። እሱ ያሰበው ሞተር ፍሬን በጄኮብስ ፋብሪካ ተሠርቶ ለገበያ የቀረበው በ1961 ነው። አንድ ድንጋጤ በ30 ዓመት ውስጥ የብዙ ሾፌሮችን ነፍስ የሚያተርፍ ዕቃ ሆነ። ያስደነገጠህን ነገር ወዲያው ለመርሳት አትቸኩል፤ ምናልባት የሕይወትህ ትልቁ ሥራ እሱ ውስጥ ይኖራል።

አሁን ወደ አውቶማቲክ ካምቢዮ እንምጣ። ብዙ ሰው «አውቶማቲክ ነው፣ ራሱ ያውቃል» ይላል። ያውቃል፤ የሚያውቀው ግን አሁን ያለውን ነው። ብዙዎቹ ከፊት ያለውን ኩርባ አያዩም። እግርህ ከነዳጅ ሲነሳ ጭነቱ የቀለለ መስሏቸው ነዳጅ ለመቆጠብ ወደ ትልቅ ማርሽ ይቀይራሉ፤ አንዳንዶቹ ጭራሽ ዜሮ ማርሽ ይገባሉ። ስለዚህ ብልህ ሾፌር ቁልቁለቱ ሳይጀምር መምረጫውን ወደ ማንዋል ይመልሳል፣ ማርሹን ዝቅ አድርጎ ይቆልፋል፣ ሞተር ፍሬኑን ያበራል። የድሮዎቹ «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ» ይላሉ፤ ለዛሬ መኪና ከዚያም ዝቅ ማለት ይሻላል፣ ምክንያቱም የዛሬው ሞተር ዳገቱን በትልቅ ማርሽ ይወጣዋል። ፍጥነቱ ከጨመረበት ፍሬኑን ጠንከር አድርጎ ይረግጣል፣ ሲቀንስ ሙሉ በሙሉ ይለቃል፣ እንዲበርድ ጊዜ ይሰጠዋል። (ክረምት ላይ አስፋልቱ ጭቃ ሲለብስ ግን ሞተር ፍሬን ራሱ ጎማ ሊያንሸራትት ይችላል፤ ያኔ መድኃኒቱ ከሁሉ በፊት ዝግታ ነው።)

አንድ ነገር ልብ በል። ፍጥነት ከበዛ በኋላ ትንሽ ማርሽ ብትጠይቅ ካምቢዮው ሞተሩን ላለመስበር እምቢ ይልሃል። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው!

እኛም ቁልቁለት አለን። ቁልቁለት ስል ውድቀት ማለቴ አይደለም፤ ነገር ሁሉ የሚቀልበትን ጊዜ ማለቴ ነው። ዳገት ላይ ድካሙ ራሱ ልጓም ይሆንሃል። የዳባት ገበሬ ገብሱን ሸጦ ኪሱ የሞላ ዕለት፣ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀች ልጅ የመጀመሪያ ደመወዟን የተቀበለች ዕለት፣ ነጋዴው ብድር በቀላሉ ያገኘ ዕለት ግን የሚይዛቸው የለም። ልማድ እንደዚያው ካምቢዮ ነው፤ የዛሬውን ምቾት አይቶ ማርሽ ይጨምራል፣ የነገውን ኩርባ አያይም። ገበሬው ስንቱን ለዘር፣ ስንቱን ለቁጠባ እንደሚያውል ገበያ ሳይወጣ ከባለቤቱ ጋር ከተስማማ፣ ገበያ ውስጥ ከማንም ጋር አይታገልም። በቁጣም እንዲሁ ነው፦ የጦፈ ስብሰባ ውስጥ ምላስን መያዝ ከባድ ነው፣ ከመግባት በፊት «ዛሬ የምናገረው ይህን ብቻ ነው» ማለት ግን ማንም ይችለዋል።

ደስ የሚለው ነገር ይህ የጉልበት ጉዳይ አለመሆኑ ነው። «ፈቃዴ ደካማ ነው» የምትለዋን ተዋት። ሊማሊሞን በሰላም የሚወርደው ጠንካራ እግር ያለው ሾፌር አይደለም፤ ቀድሞ የመረጠው ነው። ዛሪማ ደርሶ የእጁን ጀርባ ወደ ቸርኬው ጠጋ ሲያደርግ የማይፋጀው እሱ ነው።

ስለዚህ ወዳጄ፣ በዚህ ሳምንት ሊመጣ ያለውን አንድ ቁልቁለትህን ለይ፤ ደመወዝ ይሁን፣ ድግስ ይሁን፣ ሌሊቱን የሚበላብህ ስልክ ይሁን። ዛሬ፣ ገና ሜዳ ላይ ሳለህ፣ ማርሹን ምረጥና ለአንድ ለምታምነው ሰው ንገረው። መሪ ጨባጭ ከሆንክ ደግሞ ከደባርቅ ሳትወጣ ሞተር ፍሬንህን አብርተህ ሞክረው። መልካም መንገድ!