ቁጥር የሌለው በረንዳ

ወጣት፦ ጋሼ፣ የበጎ ፈቃድ ማኅበራችን ለጎዳና ተዳዳሪዎች ምግብ ሲያድል ሁለት ወር ሆነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ለገሃር አካባቢ አንድ ሌሊት አብረናቸው አደርን። የቤት አልባን ሰው ኑሮ ዐወቅን ማለት ይቻላል?

ሽማግሌ፦ ብርዱን ዐውቃችኋል። ግን እስቲ በመጀመሪያ «ጎዳና ተዳዳሪ» የምትሉትን ነገር ተዉልኝ። መምህር በደመወዙ ይተዳደራል፣ ገበሬ በእርሻው። ጎዳና ማንን ነው የሚያስተዳድረው? አስፋልት ደመወዝ አይከፍል፣ እህል አያበቅል! ሰውየው የሚተዳደረው አትክልት ተራ ጭነት በማውረድ፣ መኪና በማጠብ፣ ላስቲክና ቆርቆሮ ለቅሞ በመሸጥ ነው። የድሮው «በረንዳ አዳሪ» ይሻል ነበር፤ የሚናገረው ስለ አዳሩ ብቻ ነው፣ ሥራውን አይነካበትም። ነገሩ የቃል ጨዋታ እንዳይመስልህ። በ1996 የወጣው የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384 ቦዘኔን ሲተረጉም ከሚነሣባቸው ነጥቦች አንዱ ጉልበት እያለው የሚታይ መተዳደሪያ የሌለው መሆኑ ነው። ሕዝቡ ተዳዳሪ ይለዋል፣ ሕጉ መተዳደሪያ የለውም ብሎ ሊጠረጥረው ይችላል፤ እሱ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሽንኩርት ሲያወርድ አድሮ ጠዋት ፀሐይ ላይ ተኝቷል። እናንተም በዚያ ሰዓት አይታችሁት ሰነፍ ነው ብላችሁ ይሆናል።

ወጣት፦ ሠራተኛ ከሆነ ታዲያ ምን ጎደለው?

ሽማግሌ፦ የቤት ቁጥር። የ1966ቱ ረሃብ፣ የ1977ቱ ረሃብ፣ የ1983ቱ የሠራዊት መበተን እያንዳንዳቸው በረንዳው ላይ የየድርሻቸውን ሰው ጥለው አልፈዋል፤ ያንን ሁሉም ያወራዋል። የማይወራው ወረቀቱ ነው። ሐምሌ 1967 በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራዩ መቀነሱ ለብዙ ድሀ እፎይታ ነበር፤ ይህን የሚክድ ሰው በዚያን ጊዜ ባለርስት የነበረ መሆን አለበት። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ከተሜነት በቤት በኩል የሚቆጠር ነገር ሆነ፤ ሰው በስሙ ሳይሆን በቤቱ መዝገብ ውስጥ ይፈለጋል። ቀበሌው ወረዳ ከተባለም በኋላ ሰዉ ዛሬም «የቀበሌ መታወቂያ» ነው የሚለው፣ የቤት ቁጥሩም እላዩ ላይ አለ። ከገጠር የመጣ ሰው ይህን ወረቀት ለማውጣት ከትውልድ ቀበሌው መሸኛ ማምጣት አለበት፤ መሸኛው መሳፈሪያ ይጠይቃል፣ ካመጣውም በኋላ ቤቴ ነው የሚኖረው ብሎ የሚያስመዘግበው ሰው ያሻዋል። መታወቂያ ከሌለው የባንክ ደብተር የለም፣ ዘበኛ ልሁን ቢል ዋስ ከነመታወቂያው ይጠየቃል፣ ቤት ልከራይ ቢል ውል የሚዋዋለው አያገኝም። የጋራ መኖሪያ ቤቱንም ተመልከት፦ በ2005 ሕዝቡ 10/90፣ 20/80፣ 40/60 እየተባለ በየዘርፉ ሲመዘገብ፣ ከሁሉም ትንሹ እንኳ የሚጀምረው ከቁጠባ ነበር። የነዋሪነት ማስረጃና የባንክ ደብተር የሌለው ሰው ዕጣው ሳይደርሰው የቀረ አይደለም፤ ስሙ መጀመሪያውኑ ዕጣው ውስጥ አልገባም። ቤት ለማግኘት ቤት ይጠየቃል ማለት ነው።

ወጣት፦ አሁንማ ፋይዳ የሚባለው ዲጂታል መታወቂያ አለ፤ ሰነድ የሌለውም በምስክር ይመዘገባል ይባላል።

ሽማግሌ፦ እሱ ደግ ነገር ነው፣ እኔም አልነቅፈውም። በ2015 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 መሠረት ፋይዳ ማን እንደሆንክ ይናገራል። የዚህ ወረዳ ነዋሪ ነህ ግን አይልም፤ ወረዳው የሚያየው ደግሞ ነዋሪነትህን ነው። በረንዳ አዳሪው ምስክሩንስ ከየት ያመጣል? የሚያውቁት ሁሉ እንደሱው ያልተመዘገቡ ናቸው። ይልቅ እናንተ የተመዘገባችሁ ሰዎች እኮ ናችሁ፤ ምግብ ከማደል ይልቅ ምስክር ብትሆኑ የት በደረሳችሁ።

ወጣት፦ መታወቂያ እያለውም በረንዳ የሚያድር አለ እኮ። ከቤተሰቡ ተጣልቶ የወጣው ልጅ፣ ማስቲሽ የሚስበው...

ሽማግሌ፦ አለ። ወረቀት የእንጀራ እናትን አያስታርቅም፣ ማስቲሽም አያስጥልም። እኔ የምልህ ግን የታረቀውም፣ ያስጣለውም ልጅ በማግሥቱ የሚቆመው እዚያው የወረዳው መስኮት ፊት መሆኑን ነው፤ ወረቀት ካጣ ወደ በረንዳው ይመለሳል፣ ሰዉም «አልኩህ፣ ለምዶበት ነው» ይላል። ምግቡም ቢሆን ከንቱ አይደለም፤ ቡሌ የሚባለውን የሆቴል ትርፍራፊ ገዝቶ ለሚበላ ሰው ትኩስ ወጥ ትልቅ ነገር ነው። የኔ ቅሬታ ፎቶው ላይ ነው። የፋሲካ ዋዜማ አንድ እንጀራ በሦስት ስልክ ይነሣል፤ ጉርሻው አፍ ሳይደርስ ለሰው ይታያል። ወረዳ ቢሮ ደጃፍ ከአንድ በረንዳ አዳሪ ጋር አምስት ቀን ተሰልፎ ፎቶ የተነሣ ማኅበር ግን አላየሁም። አንድ ሌሊት አስፋልት ላይ ማደር እናንተን ያስተምር ይሆናል፤ ጠዋት ኪሳችሁ ውስጥ ባለው መታወቂያ ወደ ቤታችሁ ገባችሁ። ልዩነቱ ያ ካርድ ነው፣ እሱን ደግሞ ሌሊት ተኝቶ ማየት አይቻልም።

ወጣት፦ እሺ ጋሼ፣ እንሰለፍ። ከማን እንጀምር?

ሽማግሌ፦ አጠገባችሁ ከተኛው። ከየት ነው የመጣው?

ወጣት፦ ከወሎ ነኝ ብሎናል።

ሽማግሌ፦ ወሎ ሰፊ አገር ነው፣ ልጄ። ወረዳው? ቀበሌው?

ወጣት፦ ... አልጠየቅነውም።

ሽማግሌ፦ መሸኛው የሚጻፈው ከዚያ ነው።