የደጅ መብራት ለማን ያበራል?

«ብርሃን በቀጥታ መሥመር ይጓዛል።» ይህን ዐረፍተ ነገር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያልጻፈ የሳይንስ መምህር አይገኝም። ተማሪውም ይገለብጠዋል፣ ለፈተና ይሸመድደዋል፣ ከፈተናው በኋላ ይረሳዋል። እኛም ከዚህ የተለየን አልነበርንም። ታዲያ ሰሞኑን «ትምህርቱን እስቲ ከክፍል እናውጣው» ተባባልንና ከመሸ በኋላ ወደ መርካቶ ወረድን። ለማየት የፈለግነው ባለሱቆችና ባለሕንፃዎች በደጃቸው የሚሰቅሉት መብራት በእርግጥ ምን እንደሚያበራ ነው።

ጥያቄው እንዲያው አልተነሣም። በየመንደሩ የጸጥታ ነገር በተነሣ ቁጥር «የደጅ መብራታችሁን አብሩ» መባሉ የተለመደ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ በአዲስ አበባ ጎዳናዎችና ሕንፃዎች ላይ ብዙ መብራት ተተክሏል። በ2017 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር በዋና ዋና መንገዶች ዳር ያሉ ንግድ ቤቶች እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል እንዲሠሩ ደንብ አወጣ። መርካቶ በልማዱ አመሻሽ ላይ የሚዘጋ ገበያ ነው፤ ገበያ ሲያመሽ የደጅ መብራትም የሁሉም ጉዳይ ይሆናል። እንግዲህ መመሪያው ሁሉ «አብሩ» ይላል። ብርሃኑ የት ይረፍ የሚለው ግን ብዙም ሲነሣ አንሰማም።

ከሸማ ተራ አካባቢ ወደ ውስጥ በሚያስገባ አንድ ቅያስ ከሱቅ በር በላይ ፓውዛ ተሰቅሏል፤ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሯል። ከሩቅ ሲያዩት ሰፈሩ ቀን የሆነ ይመስላል። ስንቀርብ ግን ከፓውዛው በቀር የሚታይ ነገር ጠፋ። ከመካከላችን አንዷ ክዳን የሌለው ቦይ ውስጥ ልትገባ ለጥቂት ተረፈች። የሱቁ ዘበኛ ከብርሃኑ ርቀው በጨለማው ጥግ ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ ይህን የመሰለ መብራት እያለልዎ ለምን ጨለማ ውስጥ ይቀመጣሉ?» አልናቸው።

«እዚያ ብቀመጥማ ልጆቼ፣ እኔን ሁሉም ያየኛል፤ እኔ ግን ማንንም አላይም። ሌባ ቢመጣ መብራቱ የሚያግዘው እሱን ነው» አሉን።

አባባላቸውን ወዲያው በመዳፋችን ፈተንነው። ሙከራው ገንዘብ አይጠይቅም። በመብራቱ ፊት ለፊት ቁሙና በመንገዱ ላይ የምታዩትን ልብ በሉ። ከዚያ አምፖሉ ብቻ እንዲከለል መዳፋችሁን ከዓይናችሁ ፊት አንሡ። መዳፋችሁን ስታነሡ ይበልጥ የምታዩ ከሆነ ያ መብራት ዓይን ያጭበረብራል እንጂ መንገድ አያሳይም። እኛ መዳፋችንን ስናነሣ ቦዩም ታየን፣ ከቦዩ ማዶ ጭነት ተሸክሞ የሚመጣ ሰውም ታየን። ያለ መዳፍ ሁለቱም አልነበሩም።

ምክንያቱ ከዓይን አሠራር የሚመጣ ነው። ኃይለኛ ብርሃን በቀጥታ ሲያገኘው የዓይን ብሌን ይጠብባል፤ ከብርሃኑም ከፊሉ ዓይን ውስጥ ተበትኖ የሚታየውን ሁሉ ያደበዝዛል። ዕድሜ ሲገፋ ይህ ይብሳል። ዓይን ጨለማን በሚገባ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በፓውዛ ስር ያለፈ ሰው ቀጥሎ ወዳለው ጨለማ ቅያስ የሚገባው እንደ ዕውር ነው።

ሌላው ነገር ርቀት ነው። ከአምፖሉ 2 ሜትር ላይ ያለ ነገር የሚያገኘውን ብርሃን 4 ሜትር ላይ ያለው የሚያገኘው ሩቡን ብቻ ነው። ስለዚህ ሩቅ ለማብራት ብሎ ዋቱን እጥፍ የሚያደርግ ባለሱቅ እጥፍ ርቀት አያገኝም፤ ለዚያ አራት እጥፍ ብርሃን ያስፈልገዋል። ያንኑ አምፖል የላሜራ ባርኔጣ አድርጎ ወደ ታች ቢዘቀዝቀው ግን ወደ ሰማይና ወደ ሰው ዓይን ይባክን የነበረው ደጁን ያበራለታል።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለንብረት በይዞታው ሲጠቀም ጎረቤቱን እንዳያውክና እንዳይጎዳ ያዛል። ጢስን፣ ጥላሸትን፣ መጥፎ ሽታን፣ ድምፅንና ንዝረትን ለይቶ በመጥራት ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያልፉ ይከለክላል። ብርሃን በስም አልተጠራም። በበኩላችን ጠቅላላው ትእዛዝ ብርሃንንም ይመለከታል እንላለን። ሕጉ የአካባቢው ልማድ ይታይ ስለሚል የመርካቶ ልክ ከጸጥተኛ መንደር ልክ ጋር አንድ ሊሆን አይችልም፤ ይህም ተገቢ ነው።

ባለሱቁን በማግሥቱ አገኘናቸው። «ለመብራቱ የምከፍል እኔ፣ የሚጠቀም መንገደኛ። ጽድቅ መሥራት ጥፋት ሆነ እንዴ?» አሉ። አባባላቸው የሚናቅ አይደለም። ጨለማ ቅያስ ውስጥ ብቻዋን የምታልፍ ሴት ያለችበትን ስጋት የምናውቅ ሰዎች «አጥፉ» ልንል አንችልም። ነገር ግን ከሱቁ ትይዩ ካለች ክፍል መስኮት ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሎ አይተናል፤ እዚያ የምታድር ተማሪ እንቅልፍ የምታገኘው በዚያ ዘዴ ነው። ይህን ስንነግራቸው ትንሽ ዝም አሉና መሰላል አስመጥተው ፓውዛውን አዘቀዘቁት። የማስታወቂያ ሰሌዳቸውን መብራት ሌሊት ለማጥፋት ግን «ጎረቤቴ ካጠፋ አጠፋለሁ» አሉ።

እንግዲህ ደንብ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በፈቃደኝነት ብቻ ማንም ቀድሞ አያጠፋም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2013 የሱቅ መስኮት መብራት ከሌሊቱ 7 ሰዓት በፊት እንዲጠፋ ስታዝዝ ትእዛዙ ለሁሉም እኩል ስለ ነበር ጎረቤት ጎረቤቱን የሚጠብቅበት ምክንያት አልነበረም። ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. በ1958 ፍላግስታፍ የተባለች የአሜሪካ ከተማ ሰማይ የሚጠርግ የማስታወቂያ መብራትን ከልክላለች፤ ምክንያቷም አጠገቧ ያለው የከዋክብት መመልከቻ ነው። ይህ ለእኛ ሩቅ አይደለም። እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። የአዲስ አበባ ብርሃን ስላስቸገረ ለወደፊቱ መመልከቻ በላሊበላ አካባቢ ያሉ ተራሮች ተጠንተዋል። ወደ ላይ የሚረጨው የመርካቶ ፓውዛም በዚያ ብርሃን ውስጥ ድርሻ አለው።

ስለ ሽቦም ሳንል አንለፍ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በሸማ ተራ በተነሣው እሳት ብዙ ሱቆች ከወደሙ ወዲህ በመርካቶ ስለ እሳት የሚነገር ነገር በጥሞና ይደመጣል። በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ መገጣጠሚያ ዝናብ በሚያገኘው ጣሪያ ስር መተው አይገባም። ከቤት ውስጥ ሶኬት በመስኮት ተጎትቶ የወጣ ሽቦም እንዲሁ። ይህ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው፤ ተማሪዎች እንዲነኩት አታድርጉ።

ለክፍል ግን የእጅ ባትሪ ይበቃል። ነጭ ወረቀት መሬት ላይ ዘርጉ፣ በላዩ ትናንሽ ፊደላት ጻፉ፣ ክፍሉን አጨልሙ። መጀመሪያ ባትሪውን በአንባቢው ፊት አንጻር ያዙት፤ ቀጥሎ በካርቶን ጥቅል ሸፍናችሁ ወደ ወረቀቱ ብቻ አዙሩት። ስንት ፊደል እንደተነበበ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይቁጠሩ። የባትሪውን ርቀት ከአንድ ወደ ሁለት ሜትር ስታሳድጉም ምን እንደሚለወጥ ይመዝግቡ። ለማስተማር ልምምድ ልትጠቀሙበት የምትሹ ሠልጣኞች ባትሪ ይዛችሁ ኑ፤ ካርቶኑ ከእኛ ዘንድ አለ።